ቀይ ዶሮ የደበቀችው ነጭ

የያዙኝ ጠዋት ለዶሮዎቼ ጥሬ እየበተንኩ ነበር። አንዱ ፖሊስ "እማማ፣ ለትንሽ ጥያቄ እንፈልግዎታለን" አለኝ። ትንሿ ጥያቄ አስራ አንድ ቀን ፈጀች።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት። የእንጦጦ ብርድ ሲሚንቶው ስር ያደረ ይመስላል። ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ የባዮሎጂ አስተማሪ። ቤታችሁ ይፈርሳል የተባልን ጊዜ ጎረቤቱ ግቢዬ ሲሰበሰብ፣ አቤቱታውን የጻፈችልን እሷ ናት።

"አንቺ ነሽ ያሳሰርሽኝ?" አልኳት።

"ግቢው የእርስዎ አይደል እንዴ? እኔ ነኝ በእርስዎ የታሰርኩት።"

ከሰዓት መርማሪው ጠርቶ ከወረቀት አነበበልኝ፦ "'ከሹሞቹስ የኔ አውራ ዶሮ ይሻላል፣ እሱ ሰዓት ያከብራል' ብለዋል።"

ብያለሁ። ግን ያልኩት ለእህቴ ነው፣ ወሰን ሰፈር፣ እሷ ቤት፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። በሳቅ ሞታ ነበር። ሰውየው ሳይስቅ አንብቦ ቀልዴንም አበላሸው።

ክፍል ተመልሼ ለአስተማሪዋ ነገርኳት። "እህቴ እኮ ቁርጥ እኔን ናት። አፍንጫችን አንድ፣ ሳቃችን አንድ። ይሄ ክህደቷ እኔም ውስጥ ተደብቆ ይሆን?"

ወደኔ ዞረችና "ከቀይና ከቀይ ዶሮ ነጭ ጫጩት ተፈልፍሎልዎት ያውቃል?" አለችኝ።

"ያውቃል። የጎረቤቴ ነጭ አውራ ነው ብዬ ከባለቤቱ ጋር ሁለት ወር ተኳርፈናል።"

ሳቀች። "ያለጥፋቱ ነው የተቀየሙት። ቀዮቹ ነጩን ውስጣቸው ይዘውት ይሆናል። ከላይ የሚታየው ፊኖታይፕ ይባላል። ከናት ካባት የተወረሰው፣ ታየም አልታየ ውስጥ ያለው፣ ጂኖታይፕ።"

"ይኸው፣ ያልኩት ነው። በደም አለ።"

"እኔ ያልኩት ስለ ላባ ነው፣ እማማ። ሰውን አሳልፎ መስጠት ላባ አይደለም። እሱን ሰው ራሱ ነው የሚያደርገው።"

በማግስቱ መርማሪው ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረበ። አስተማሪዋ ሰፈሩን ለሁከት ቀስቅሳለች ይላል ወረቀቱ፣ እሱ ሲያነብልኝ።

"ጣትዎን ያሳርፉና ቤትዎ ይግቡ። እህትዎም ፈርመዋል።"

እውነቱን ልናገር፣ ቤቴ አማረኝ። ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ ወረቀቱ ጋ አድርሼው ነበር። ከዚያ መለስኩትና ነጠላዬ ላይ ጠረግኩት።

"ልጄ፣ ማንበብ አልችልም። ያነበብክልኝ ግን ውሸት ነው።"

ዘጠኝ ቀን ጨመሩልኝ። አስተማሪዋም ከኔ በኋላ ወጣች።

እህቴ ዛሬም በበዓል ትመጣለች። ነገሩን አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኳት። እንዴት ዝም ትያታለሽ ይሉኛል። ገና ይቅር አላልኳትም። ግን ጣቴ ወረቀቱ ጋ ምን ያህል እንደቀረበ የማውቀው እኔ ነኝ።