ጉማራ ዳር የተጫወትነው መረብ ኳስ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እንዳቋቁም ስጠየቅ አንድም ቀን አላመነታሁም፤ ሥራዬን አውቀው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ከሐሙሲት ትምህርት ቤት ጋር ልንጋጠም በጭነት መኪና ወረድን። ሜዳው ከጉማራ ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር። የቀበሌው የኪነት ቡድን በአኮርዲዮንና በከበሮ የሰልፍ መዝሙር ያሰማል። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ደግሞ ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዋንዛ ሥር ተቀምጠዋል። ኪነቶቹ እስኪደክሙ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍን፤ ሁለተኛውን እነሱ ወሰዱት። ሦስተኛው እንደተጀመረ የእኛ አምበል ኳሷን በኃይል ስትለጋት ከሜዳው አልፋ ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ሌላ ኳስ አልነበረንም። አምበሏ የጎርጎራ ልጅ ናት፤ ጣና ዳር ያደገች። ወዲያው ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ቲቸር፣ ዋና እችላለሁ!»

ክንዷን ያዝኩት። ያን ጊዜ ከኳሷ አለፍ ብሎ ውኃው ተንቦጫረቀና ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች፣ ቀጥሎም ሰፊ አፍንጫ ብቅ አለ። ጉማሬ ነው። ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ኋላ ሸሸ። ለጥበቃ የቆመው አብዮት ጠባቂ ግን ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ዳር ወረደ።

«ጓድ፣ አውርደው!» አልኩት ከፊቱ ቆሜ። «አቁስለኸው ቢወጣ እነዚህን ልጆች ወዴት ላሽሻቸው ነው?»

«አንቺ ማነሽ እኔን የምታዥ?»

«አስተማሪያቸው ነኝ።»

አዝማሪው ቀስ ብለው መጡና ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ እውነቷን ነው። የቆሰለ ጉማሬ እዚህ መልካ ሰውም ከብትም አያሳልፍም። ተዉት፣ ቤቱ ነው። ኳሷን ወንዙ ራሱ ያወርዳታል። ታች መሻገሪያው ላይ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ እዚያ ጠብቋት።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ጠመንጃውን አነገተ። ሁለት የሐሙሲት አስተማሪዎችን ወደ መሻገሪያው ላክንና ልጆቹን ከዳሩ አርቄ ዋንዛው ሥር ሰበሰብኳቸው። አዝማሪው ማንንም ሳይጠይቁ ማሲንቋቸውን ቃኙ።

«እናንተ ስትዘሉ መረቡን ከባችሁ፣
ጉማሬው ብቅ አለ ሊሆን ነው ዳኛችሁ።»

ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። የኪነቱ ከበሮ መቺ ጎናቸው ሄዶ ምቱን ያዘላቸው። ከደቂቃዎች በፊት «ኳሷ መስመር ነክታለች፣ አልነካችም» እያሉ ሲነታረኩ የነበሩት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እስክስታ ወረዱ። እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። የወሎ እስክስታዬ አሳቃቸው፤ አላቆምኩም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አስተማሪዎቹ ኳሷን ይዘው መጡ። ርሳ ከብዳ ነበርና በነጠላ አደራርቀን ቀጠልን። በአራት ነጥብ ተሸነፍን። የእኛ አምበል አለቀሰች፤ የእነሱ አምበል መጥታ እንባዋን በራሷ ሻሽ ጠረገችላት።

ደብረ ታቦር ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«እሺ፣ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ተሸንፈናል» አልኳቸው። «ልጆቹን ግን አንድም ሳይጎድል አምጥቻለሁ። ለከርሞ እነሱ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ እናሸንፋቸዋለን።»

«በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ፣ ጌታዬ።»

በዓመቱ መጡ። በገዛ ሜዳችን፣ ሁለቱንም ዙር ወሰድንባቸው።