የመሪጌታ ጸናጽልና የአራት ተኩሏ ፑንታ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ስምንት ዓመት ሆነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የራሴን የብየዳ ቤት ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ደስ ይለኛል።

ጉና ሥር ካለች የገጠር ደብር አንድ አረጋዊ መሪጌታ ጸናጽላቸውን ይዘው መጡ። ከሟች መምህራቸው የወረሱት ነው። ሽቦው ላይ እየተንሸራተቱ ድምፅ ከሚሰጡት ስድስት ክብ ነሐሶች ሁለቱ ተሰብረዋል። «የሁለቱን ምትክ ሥሪልኝ፤ ከነገ ወዲያ የደብራችን ንግሥ ነው» ብለውኝ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

እኔ ደግሞ ልክ የምወድ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ በአንዲት ሚሊ ከተዛነፈ ምግብ አይበላልኝም። የቀሩትን አራቱን ሳያቸው ቀዳዳቸው ከሽቦው በጣም ሰፍቷል። አርጅተው የተበሉ መሰለኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ስድስቱንም እንደ አዲስ ቆረጥኩ። ሽቦው ሦስት ሚሊ ስለሆነ መሰርሰሪያዬ ላይ የሦስት ሚሊ ፑንታ ገጥሜ፣ ጥብቅ አድርጌ በሳኋቸው። አሮጌዎቹንማ አቅልጬ ለሌላ ሥራ አዋልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ መጥተው ጸናጽሉን ወዘወዙት። ምንም ድምፅ የለም። ደገሙት፤ አሁንም ጸጥ።

«አንች ልጅ፣ ዲዳ አደረግሽው እኮ! መላወሻ ያጣ ነገር በምን ይጩህ?» አሉኝ። «አሮጌዎቹስ የት አሉ?»

ማቅለጤን ስነግራቸው አልተቆጡም። በሩ ላይ ቁጭ አሉና «እኔስ የመምህሬን ጸናጽል ይዤ ነበር የምቆም። ነገ ባዶ እጄን ልቁም?» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዳዳው ስንት እንደነበር አልለካሁም፤ እሳቸውም ድምፁን እንጂ ቁጥሩን አያውቁትም። ስለዚህ በትርፍ ነሐስ ላይ የተለያየ ቀዳዳ እየበሳሁ፣ ሽቦው ላይ እየሰካሁ አሰማኋቸው። ሦስት ተኩሉን «ገና ታንቋል» አሉ። አራቱን «ቀርቧል፣ ግን ይንተባተባል»። አምስቱን ሲሰሙ «ይኸማ የበግ ቃጭል ነው!» ብለው ሳይወዱ ሳቁ። እኔም ትንሽ ቀለል አለኝ።

የቀረን አራት ተኩል ነው። የአራት ተኩል ፑንታ ግን የለኝም። መሪጌታን እዚያው ትቼ የከተማውን ዕቃ መሸጫዎች አዳረስኩ። በመጨረሻው ሱቅ ባለቤቱ «አራት አለ፣ አምስት አለ፤ ለግማሽ ሚሊ እንዲህ መጨነቅ ምንድን ነው?» አለኝ። እንባዬ መጣ።

እዚያው ብሎን የሚገዛ አንድ ሰው «እኔ አለኝ» አለ። ወደ እብናት የሚሄድ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። ከመኪናው ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ፈታና ከፑንታዎቹ አንዷን መዘዘ። አራት ነጥብ አምስት የሚለው ቁጥር በግልጽ ይነበባል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ደረቱ ሰበሰባት።

«እህቴ፣ ዕቃዬ ከእጄ አይወጣም። አንዴ ለሰው አውሼ ሰብሮ መልሶልኛል። ከፈለግሽ አብሬያት ልምጣ።»

መጣ። ሾፌሩ ውጭ ጡሩንባ እየነፋ ይጣራል፤ እሱ ግን ሳይቸኩል የስድስቱንም ቀዳዳ አሰፋ፤ እያንዳንዱንም ወደ ብርሃን እያነሳ አየው። በሽታችን አንድ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ጠርዛቸውን ሞርጄ ወደ ቦታቸው መለስኳቸውና ለመሪጌታ ሰጠኋቸው።

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አንድ ጊዜ ወዘወዙት። «ተናገረ!» አሉ። ፊታቸው በራ። የመካኒኩን ስም ጠየቁት። «ሁሴን» አላቸው። «ሁሴን፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁት። «አሜን አባቴ!» አለና ፑንታዋን ጠቅልሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በንግሡ ዕለት ልቤ አላርፍ ብሎኝ ጉና ሥር ድረስ ሄድኩ። ታቦቱ ወጥቶ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። አሥር ያህል ጸናጽል አንድ ላይ ይወዛወዛል። የመሪጌታ እጅ ሲነሳና ሲወርድ እያየሁ የሳቸውን ድምፅ ለይቼ ልስማ ብል አልቻልኩም። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆኗል። ስንት በርና መስኮት ሠርቼ ተመስግኛለሁ፤ ለይቼ መስማት እንዳቃተኝ እንደዚያ ሥራ ያኮራኝ ግን እስከ ዛሬ የለም።