የሼህ ኢድሪስ አጥር

ጽዳት ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ አንድ አካፋ፣ አንድ መጥረጊያና ሁለቱም የግራ እጅ የሆኑ ጓንቶች ነበሩ። ለተቆጣጣሪው ባሳየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «አንዱን ገልብጪው» አለኝ። ገልብጬ ስምንት ወር ሠራሁበት።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አሶሳ አጠገብ ነው። ጠራጊ ሆኜ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ጫኝ ሆንኩ፣ በመጨረሻ ቡድን መሪ። ቡድን መሪ ማለት የማስጠንቀቂያ ደብተር የሚይዝ ሰው ነው። ቅጹ ሦስት ቅጠል አለው፤ ነጩ ለባለቤቱ፣ ቢጫው ለቀበሌ፣ ሮዙ ለእኛ። ካርቦን ስለማይመጣልን ሦስቱንም በእጄ እገለብጣለሁ።

አንድ ክረምት ከቀበሌ ተደወለልኝ። «አንድ ሽማግሌ አጥራቸው ላይ ቆሻሻ ሰቅለዋል» አሉኝ። ቆሻሻ በአጥር ላይ አሳልፎ የሚጥል ሰው ሞልቷል። የሚሰቅል ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሄድኩ። በቀርከሃው አጥር ላይ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጡ ዝንጀሮዎች ተሰልፈዋል፤ ዓይናቸው የለስላሳ ቆርኪ ነው። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተሠሩ ወፎች በሽቦ ተንጠልጥለው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይማታሉ። በሩ ላይ ከጎማ የተሠራ አዞ አፉን ከፍቷል፤ ጥርሱ የማበጠሪያ ጥርስ ነው። ከጀርባው የባጃጅ መሪ የጨበጠ የቆርቆሮ ሰውዬ ቆሟል፤ የመኪና ቀበቶ እንደ ክራባት አስረውለታል። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ደብተር ይዞ መሳቅ አይሆንም።

በአዞው ሆድ ውስጥ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሟል። ውሃው ውስጥ የትንኝ እጭ ይንፈራገጣል።

ባለቤቱ ሼህ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ጎሚስታ ናቸው። የአፍ መፍቻቸው በርታ ነው፤ በአማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለዩም።

«ሼህ፣ ይሄ ውሃ ወባ ያመጣል» አልኳቸው።

«ውሃ እኔ አላመጣም። ዝናብ አመጣ።»

«ጎማውን ይብሱትና ይፍሰስ።»

«እኔ ዕድሜ ልክ የተበሳ ጎማ ደፈንኩ። አሁን እኔ ልብሳ? ወላሂ አይሆንም። ያ ቢንቲ፣ አንተ ሂድ፣ ሌላ ቀን ና።»

ያ ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ልጄ ብለው ወዲያው አንተ ይሉኛል። ነጩን ቅጠል ሰጥቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ሁለተኛ ጻፍኩ። ለሦስተኛው ስመለስ ሁለቱም ነጫጭ ቅጠሎች በሽቦ ታስረው የቆርቆሮው ሰውዬ እጅ ላይ ናቸው።

«አሁን ሰው ሁሉ ያነባል» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ያንን ጽሑፍ ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የገለበጥኩት።

ኃላፊዬ ጠራኝ። «ዓርብ እንግዳ በዚያ መንገድ ያልፋል። አጥሩ ይጽዳ።»

«ጎማዎቹን ብቻ ላንሳ» አልኩት።

«ሁሉንም። መርጠሽ የምታነሺ ከሆነ ገበያ ሂጂ።»

ዓርብ ትራክተሩን ከነተሳቢው ይዤ ሄድኩ። ሼህ ኢድሪስ የጁምዓ ሶላት ላይ ነበሩ። አልዋሽም፣ ሰዓቱን አውቄ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያውን ጭነት ወደ መድፊያው ላክሁና ትራክተሩ ሲመለስ ሁለተኛውን ጀመርን። ያኔ ራህማ የምትባል ጎረቤት ከቤቷ ወጣች።

«ጅግራው የት አለ?» አለችኝ።

«የቱ ጅግራ?»

«ሆዱ ራዲዮ የሆነው። የባሌ ራዲዮ ነው። ባሌ ሲሞት ለሼህ ሰጠሁ፣ ሼህ ጅግራ አደረገ። ጠዋት ስወጣ አየዋለሁ።»

ሌሎችም ወጡ። አንዱ የባጃጁ መሪ የታላቅ ወንድሙ እንደነበር ነገረኝ፤ አንዷ ነጠላ ጫማዎቹን የሰጠችው እሷ እንደሆነች። አጥሩ ላይ የሠፈሩ ዕቃ ያልነበረበት ቦታ አልነበረም። ጫኞቹ እኔን ያያሉ፤ እኔ ተሳቢውን አያለሁ። «አውርዱ» አልኩ።

ጅግራዋ ግን በመጀመሪያው ጭነት ሄዳለች። መድፊያው ድረስ ሄጄ ብቻዬን በመንሽ እያገላበጥኩ እስከ አሥር ሰዓት ፈለግኩ። አገኘኋት። አንገቷ የለም፤ አንድ ክንፏ ተጨፍልቋል። አንገቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ስመለስ ሼህ ኢድሪስ በር ላይ ቆመዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጅግራዋን ተቀብለው አገላበጧት።

«አንተ ብትጠይቅ እነግርህ ነበር» አሉኝ። «ኻላስ።» አበቃ ማለታቸው ነው፤ ገቡ። ከስድብ ይልቅ ያ ከበደኝ።

እንግዳው በሌላ መንገድ አለፈ። ኃላፊዬ ስንት ቢያጆ ጭነት እንደጫንኩ ጠየቀኝ።

«አንድ ተኩል» አልኩት።

«ተኩል የሚባል ቢያጆ የለም» አለና በገዛ ደብተሬ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ሮዙን ቅጠል ፋይል ውስጥ ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

ሰኞ ከተሳቢው ስለወረደው አዞ ተመልሼ ሄድኩ፤ ወባው የሼህን ኩርፊያ አይጠብቅም። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። ራህማ መሃል ገብታ በበርታ አንድ ነገር ስትላቸው ብረት አግለው የአዞውን ሆድ ራሳቸው በሱት። ከዚያ ለአንድ ወር አላናገሩኝም። የጅግራዋን ክንፍ አቃንተው ለራህማ መልሰውላታል። አንገት ግን አልሠሩላትም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

አሁን አዲስ ጫኝ ሲመጣልኝ የምነግረው ይህን ነው። ከመጫንህ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ የማንም አይደለም ይሉሃል፤ ያኔ ጫን።