ሠላሳ ከረጢት፣ አራት እናት

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጦጣው» ይለዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው ዛፍ መውጣት ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ ከጫፍ ጫፍ ዘር መልቀም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዝቅ ያሉትን እየመረጠ፣ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ የለም፤ ወይም እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የዛፎችን የዘር ውርስ የምታጠናው ዶክተር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ወደ ዘር ማከማቻው ገባች። ተማሪ ሳለች ገመድ አስተሳሰር ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ተወሰነ» አለችው። «ከወንዙ ማዶ ያለው ደን ሰኞ መቆረጥ ይጀምራል። ግድቡ ውሃ ሊይዝ ነው።» የቀዝቃዛውን ክፍል በር መታ መታ አደረገች። «ደግነቱ ሠላሳዎቹ እናቶች እዚህ አሉ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ብርጭቆውን ሳይቀምሰው አስቀመጠ።

ደንቡ ዘር ከሠላሳ እናት ዛፍ ይለቀም ይላል፤ ተራርቀው የበቀሉ፣ ግንዳቸው ላይ በቆርቆሮ ቁጥር የተመታባቸው። ከአንድ እናት ዘር የተተከለ ደን እህትና ወንድም ብቻ የሚኖሩበት መንደር ማለት ነው፤ እርስ በርሱ ሲጋባ ይመነምናል፣ አንድ በሽታ የገባ ዕለትም ሁሉንም እኩል ያጭዳቸዋል። ይህን ለጎብኚ በቃሉ የሚያስረዳው ራሱ ጦጣው ነው። በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ግን የአራት ዛፍ ዘር ብቻ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት እውነተኞች ናቸው። ከአራት ጀምሮ ያለው ሁሉ፣ ቅርንጫፏ መሬት ሊነካ ከደረሰው የመንገድ ዳር ዛፍ፣ ከሠላሳኛዋ፣ በአንድ ከሰዓት ተለቅሞ የተከፋፈለ ነው። ዘር ዘርን ይመስላል፤ ማን ይለየዋል?

ምሳውን ሊበላ ቤቱ ሄደ፤ ምግቡን ሳይነካ ሁሉንም ለሚስቱ ነገራት።

«አንቺ ታመሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ልቤ አንቺ ጋ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቀን ጫካ መክረም አልቻልኩም።»

ሚስቱ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «በእኔ አታሳብብ። ያን ጊዜ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወር አልፎኝ ነበር።»

«ታዲያ በምን ምክንያት ይመስልሻል?»

«ገመዱ ጎንህን ልጦት ስትመጣ ቅባት የቀባሁህ እኔ አይደለሁም? በር መታኝ አልከኝ። ብብት ሥር የሚመታ በር ደግሞ የት አገር ነው ያለው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ወድቀህ ነበር፣ አይደል?»

ወድቆ ነበር። አራተኛው ዛፍ ላይ የረገጠው ቅርንጫፍ ከዳው፤ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ታረደ በግ በገመዱ ተንጠልጥሎ ተሽከረከረ። ያን ዕለት የገባበት ፍርሃት አልወጣለትም። ለራሱ የነገረው ግን የሚስቱን ሕመም ነበር፤ ደጋግሞ ስለነገረው አምኖት ኖሯል።

«ሂድና ለዶክተሯ ንገራት» አለች። «ጦጣ እየተባልክ መሬት ላይ ከምትኖር፣ እንደ ሰው ብትወድቅ ይሻላል።»

ወደ ማከማቻው ተመልሶ ሁሉንም ለዶክተሯ ነገራት። እሷም ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ የዐሥራ ሰባት ቁጥርን ከረጢት አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከረጢቱን ብዙ አየችው።

«ይቆረጥ ብዬ የተስማማሁት ይህን አምኜ ነው። ፈርሜያለሁ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

ዛፎቹ ዘንድሮ ዘር አልያዙም። የቀረው መንገድ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ገጥሞ ማሰር ነው፤ የሚሆነው ለጋ ደግሞ ፀሐይ ከሚያገኘው ጫፍ በቀር የለም። ቀኑ እንዲራዘም ስልክ ደወለች፤ አንድም ቀን አልጨመሩላትም።

«ከእኔና ካንተ ሌላ ዛፍ የሚወጣ ሰው የለንም» አለች ስልኩን አስቀምጣ። «ነገ በማለዳ እንጀምራለን። የሥራ ደብዳቤህን ሰኞ እጽፋለሁ፤ ከእንግዲህ ዘር አትለቅምም። የነገውን ሥራና ደብዳቤውን አታገናኛቸው።»

«እሺ ዶክተር።»

እስከዚያ ቀን «ልጄ» ነበር የሚላት።

ዓርብ የመጀመሪያው ዛፍ አጋማሽ ላይ ግንዱን አቅፎ ቀረ። ከጎኑ ካለው ዛፍ ላይ ሆና፣ «ወደ ታች አትመልከት፤ እጅህን ብቻ እይ» አለችው። ድሮ እሱ ይላት የነበረው ነው። ፈገግ አላለችም። እሱ ግን እጁን አየ፣ እጁም ተንቀሳቀሰ። እሑድ ሲመሽ ዘራቸው ከጎደለው ሃያ ስድስት ዛፎች የዐሥራ ሰባቱ ለጋ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ነበር።

ሰኞ ማለዳ መጋዙ ከደኑ ዳር ሲያጉረመርም አራተኛው ዛፍ ሥር ቆመዋል። እስከዚያ ያዘገየው እሱ ነው።

«ሌላ እንምረጥ?» አለችው።

«የለም» አለና ገመዱን ወረወረ።

የከዳው ቅርንጫፍ ጉማጅ ላይ፣ ያኔ ጥሎት የወረደው ከረጢት በዝናብና በፀሐይ ተበልቶ አሁንም ተንጠልጥሏል። አልነካውም። አልፎት ወጣ፤ ከጫፉ ሦስት ለጋ ቆርጦ በገመድ አወረደላት።

ዶክተሯ መለያ ወረቀቱንና ብዕሯን ይዛለች። የቆርቆሮው ቁጥር አፍንጫዋ ሥር ነው፤ ቢሆንም አልጻፈችም። አንጋጣ ጠበቀችው።

«አራት» አላት ከላይ።

ጻፈች። መጋዙ እየቀረበ ነበር፤ ስምንት ዛፍ ቀርቷቸዋል።