ጸበል የጠጣችው ቁልቋል

ታናሽ ወንድሜ ያቺን ቁልቋል ከሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር ሲገዛት ሎሚ ታክል ነበር። ስንት ዓመት ቆይታ ብርቱካን አከለች፤ በቃ። ላፍቶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ፣ በወተት ጣሳ ተተክላ ትቀመጣለች። እማዬ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እሾኋ ይወጋታል፤ «አንተ ልጅ፣ ምናለ ቃሪያ ብትተክል? በበላን ነበር!» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ውሃ የሚሰጣት በወር አንዴ፣ ያውም በሾርባ ማንኪያ ነው። «አገሯ በረሃ ነው፤ ጥጋብ አትችልም» ይላል።

ኋላ ኩላሊቱ ታመመ። እጥበት ጀመረ፤ ሐኪሙም ውሃ በልክ ብቻ እንዲጠጣ አጥብቆ አዘዘ። እማዬ ግን ከመካኒሳ አቦ በጀሪካን ጸበል ታመጣና በየማለዳው ትልቁን ኩባያ ሞልታ ትሰጠዋለች። እኔ ደሜ ይፈላል።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

«ጸበል ውሃ ነው እንዴ? አፍሽን ያዢ!»

እሱ «አሜን» ብሎ ይቀበላትና፣ እሷ ጓዳ ስትገባ ከንፈሩን ብቻ አርሶ የቀረውን ቁልቋሏ ሥር ያፈሰዋል። ጸበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ የእቃ ማጠቢያው ደግሞ ከፍሳሽ ጋር ነው የሚገናኘው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው፣ ከዚያች ጣሳ በቀር ሰው የማይረግጠው አፈር ከየት ይመጣል?

«ትበሰብስብሃለች እኮ!» አልኩት አንድ ቀን፣ ተናድጄ።

«የእማዬ ልብ ከሚሰበር እሷ ትበስብስ» አለኝ። ይህን ሲል ግን ፊቱን አዙሮ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተብን።

እማዬን ያቆማት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቀስተኛው ሊያጽናናት በመጣ ቁጥር «ልጄ ጸበሉን አንድ ቀን ሳያጓድል ጠጥቶ ነው የሄደው» ትላለች። «ታድሎ!» ይሏታል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ እይዛለሁ። ያቺን ስትረግማት የኖረችውን ቁልቋል ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቃት ጀመር። እሱ ያላትን አስታውሳ ጠብታ ውሃ አታስነካትም።

አርባው ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት አቧራዋን ልትጠርግላት ብትነካት ሥሯ እንደ በሰበሰ ቲማቲም ላሽቆ ኖሮ ተንዳ ወደቀች። እማዬ ልጇ የሞተ ቀን የጮኸችውን ጩኸት ጮኸች። ከዚያ አፈሩን በጣቷ ቆፈረችው። ጭቃ ነው።

«ማነው ውሃ ያጠጣት?»

እውነቱን ብነግራት ልጇ ጸበሉን እንዳልጠጣ ልታውቅ ነው። ያኔ በቁሟ ትሞትብኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። «እሱ የተወልኝ ይቺን ብቻ ነበር» አለች። «እሷንም ገደልሽብኝ?»

አሁንም አብረን ነው የምንበላው። ስታመም ትደነግጣለች፤ ሳመሽ በረንዳ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ልጄ» ብላ ጠርታኝ አታውቅም።