ለማንም የማይካፈለው ቁጥር

የእጮኛዬ እናት ሊያዩኝ በጠሩኝ ቅዳሜ፣ እኔ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበብ ተማሪዎቼን እያስጠናሁ ነበር። «እማዬ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችሽ ነው፣ አሁኑኑ ነይ» ብሎ እጮኛዬ ደወለ። ይሄ ሰው ቀድሞ መናገር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

የለበስኩት የክበባችንን ቲሸርት ነው። ደረቱ ላይ የምወደው ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ታትሞበታል፦ አንድ፣ ከዚያ አሥራ ሦስት ዜሮ፣ መሃል ላይ ሦስት ስድስት፣ እንደገና አሥራ ሦስት ዜሮ፣ መጨረሻው አንድ። ተማሪዎቼ እንዲያምር ብለው ስድስቶቹን በቀይ አሳትመዋቸዋል። የእጮኛዬ ቤት ደግሞ ከጸሎት ቤት አይተናነስም፤ እዚያ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት የአውሬው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከባልደረባዬ ወፍራም ሹራብ ተዋስኩ። ቀትር ላይ፣ አዳማ ውስጥ፣ ሹራብ!

ገና ከመቀመጤ ላቤ ወረደ።

«አውልቂው እንጂ ልጄ፣ ልትቀልጪ ነው እኮ» አሉኝ እናቱ።

«ብርድ ይዞኝ ነው።»

ጥቂት እንደጎረስኩ ራሴን ሲያዞረኝ አወለቅኩት። እናቱ ሊያጎርሱኝ የጠቀለሉትን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቁጥር ነው፣ እማማ።»

«መሃሉንስ አውቄዋለሁ።»

ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ስለዚህ ቁጥር ከጀመርኩ አፌ አያርፍም። «ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው» አልኩ።

«በየትም ቢዞሩ አያመልጡትም በይኛ! ዙሪያውስ ምንድነው?»

«በዚህም በዚያም አሥራ ሦስት ዜሮ።»

«ዘብ አቁሞ?»

«ዋናው ውበቱ ግን፣ ይህን ሁሉ አሃዝ ተሸክሞ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አለመካፈሉ ነው።»

«ማንም አይችለውም?»

«ማንም።»

«በኢየሱስ ስም!» ብለው ተነሱ።

እጮኛዬ ዓይኑን ከትሪው አላነሳም። እሱን ማነቅ አማረኝ። እናቱ ከጓዳ የራሳቸውን ሰፊ ቀሚስ አምጥተው አለበሱኝና ቲሸርቱን ወሰዱት። ድንኳን በሚያህል ቀሚስ ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሰውየውን እወደዋለሁ፤ እናቱ እሺ ካላሉ ደግሞ ሽማግሌ እንደማይልክ አውቃለሁ።

በሳምንቱ እናቱ አስጠሩኝ። ቲሸርቱ ታጥቦና ተተኩሶ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል። በስድስቶቹ ላይ ሦስት ክብ አበባ ጠልፈውባቸዋል፤ ከሩቅ ላየው ዜሮ ናቸው። የለመደብኝ ሆነና ቁጥሩን ወዲያው አነበብኩት። አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ ዜሮ፣ አንድ። ከሁለቱም በኩል አሁንም ያው ነው።

«አሁንስ አይካፈልም?» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ፈርቼ በልቤ አሰላሁት። እንዲህ ተጨንቄ ያሰላሁበት ፈተና ትዝ አይለኝም።

«አሁን ይካፈላል፣ እማማ። ለመቶ አንድ ያለ ቀሪ ይካፈላል።»

«ጌታ ይባረክ!» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ምን ይገትርሃል? ወለንጪቲ፣ አባቷ ጋ ሽማግሌ ላክ እንጂ!»