የሙሉ ልብስ ልምምድ

የታሰርኩት ቀይ ኮት ለብሼ ነው። ትከሻው ላይ ቢጫ ክር የተንዠረገገበት፣ ስምንት የነሐስ ቁልፍ ያለው፣ የሰፊው ጠመኔ ገና ያልለቀቀው አዲስ ኮት። ነጩን ጓንቴን እንኳ እንዳወልቅ አልፈቀዱልኝም። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ከፒያሳ ወደ ታች ስንወርድ መንገደኛው የበዓሉ ሰልፍ የተጀመረ መስሎት ቆሞ ያየን ነበር። አንዲት ሴትማ አጨበጨበችልን። ምን ታድርግ!

በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳን አዋሳ በምንልበት ዘመን፣ የከተማዋን የማርሽ ባንድ የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ ሃያ አንድ ሰው ነበር፤ ግማሹ ጥሩምባ ይነፋል፣ ግማሹ ታምቡር ይመታል። አንድ ሕግ ነበረኝ። ከማንኛውም በዓል በፊት አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ ተለብሶ፣ በዓሉ በሚከበርበት ቦታ ላይ ይለመዳል። "ልብሱ ይቆሽሻል" ይሉኛል። "ይቆሽሽ!" እላለሁ። በሸሚዝ የሚመታ ታምቡርና በኮት የሚመታ ታምቡር አንድ አይደለም። ኮፍያ ዓይን ላይ ይወርዳል፣ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል፣ ጓንት ያንሸራትታል። ይህን ጉድ ሕዝብ ፊት ከምታውቀው ባዶ ሜዳ ላይ ብታውቀው አይሻልም? ለባንዱ ሁልጊዜ የምላቸው ነገር ነበረኝ፦ በልምምድ ቀን የወደቀ አይቆጠርም።

ወደቀ እንግዲህ።

ለአብዮት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ልብሱ መጣ። ኮቱ ወፍራም ስለነበር የትልቁ ታምቡር ማንገቻ አጠረና ታምቡሩ የመቺውን አገጭ መንካት ጀመረ። ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጬ በገዛ እጄ ቀጠልኩለት። ቸኩዬ ስለነበር አንድ ዙር ብቻ ነው የሰፋሁት። በዚያው ቀን ለልምምድ ወጥተን ልክ ከክብር መድረኩ ፊት ስንደርስ ስፌቱ ተተረተረ። ታምቡሩ ወደቀ፤ ወድቆም አርፎ አልተቀመጠም፣ እየተንከባለለ ሄዶ የሊቀመንበሩን ትልቅ ፎቶ የደገፈውን እንጨት መታው። ፎቶው ቀስ ብሎ ዘንበል አለና በፊቱ ተደፋ። ከባንዱ መሀል አንዱ ሳቀ። እኔ በድንጋጤ "ወደ ኋላ ዙር!" ብዬ ጮህኩ። ሃያ አንድ ቀይ ኮት፣ ኮፍያው እስከ ቅንድብ የወረደ፣ ዞሮ እየረገጠ ሄደ። መድረኩን ሲያስጌጥ የነበረው ካድሬ ታምቡሩን ተሸክሞ የነበረው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም። እኔን ግን ለይቶ ያውቀኛል።

"ይህ አሻጥር ነው" አለኝ። "ታምቡሩን የያዘው ማን ነው? ጓደኞችህ በተራ ነው የምንይዘው፣ የሚመድበን እሱ ነው ብለዋል።"

እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ሰዎች ይፈራረቁበታል፣ የዚያን ዕለት የማን ተራ እንደነበረ በእርግጥ መናገር የምችለው እኔ ነኝ። መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር፤ የሁለት ሕፃናት አባት። ከዓመት በፊት ታስሮ፣ ሁለተኛ ጥፋት ቢገኝብኝ የመጣውን ቅጣት እቀበላለሁ ብሎ ፈርሞ ነው የወጣው። በዚያ ዘመን ሁለተኛ የገባ የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ካድሬው ስሙን ከእኔ ካገኘ ሰውየው አለቀለት ማለት ነው።

ያስገቡኝ ክፍል የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የመጣው ሽታ እስከ አንጎሌ ዘለቀና ገና አንድ እግሬን ሳስገባ አስነጠስኩ። "ይማርህ!" አሉኝ ከጨለማው ውስጥ ብዙ ድምፆች። ዓይኔ ሲለምድ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። በር ስር የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ጋሽ ታምቡር! ሰልፉ እዚህ መሆኑን ማን ነገረህ?" አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩና መልሼ አስነጠስኩ።

መቀመጥ አቃተኝ። ቦታ ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሰው እግር መሀል አራት እርምጃ አለ፤ እሷን እመላለስባታለሁ። ስቀመጥ ደግሞ እግሬ በራሱ ጊዜ ይመታል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ያንን ሰው ከጎማ ቤቱ ይዘውት ይሆን? ወይስ ገና ነው? በር በተንኳኳ ቁጥር እሱን የሚያስገቡት ይመስለኛል። ዓሣ አጥማጁ ታከተውና "ኧረ በፈጠረህ! እግርህ ካንተ ቀድሞ ሊፈታ ነው እንዴ?" አለኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንላቸው፣ በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጠባቂው መጥቶ "ባለ ኮቱ፣ ነገ ጠዋት ለምርመራ ተዘጋጅ" ብሎኝ ሲሄድ ጠሩኝ።

"ምን ልትላቸው ነው?"

"እውነቱን ነዋ፤ ማንገቻውን የሰፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ።"

"ታምቡሩን የተሸከመውስ?"

"እሱን አልናገርም።"

"እንዴት አድርገህ?"

"እንዴት ይባላል አባባ! አልናገርም፣ በቃ።"

ፈገግ አሉ። "ከገባህ ጀምሮ ስለ ልምምድ ስትሰብከን ነው የዋልከው። ተነስ እስቲ፣ ኮትህን ልበስ።"

ትራስ ያደረግኩትን ኮት አንስቼ ለበስኩ። "እስከ አንገትህ ቆልፈው" አሉኝ፤ ቆለፍኩት። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት። ዓሣ አጥማጁ ጠባቂ ሆኖ ክንዴን ያዘኝና ፊታቸው አቆመኝ። ቀበቶዬን ሲያስገቡኝ ወስደውብኝ ስለነበር ሱሪዬ ሊወርድ ነው፤ በአንድ እጄ ጨበጥኩት። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ሱሪውን ይዞ ፊታቸው የቆመው ሰው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ለማኝ ለማኝ ይል ነበር።

ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ። ስም? ተናገርኩ። ዕድሜ? ሠላሳ አራት። ሥራ? የባንድ አሠልጣኝ። ጥሩምባ ስንት ነው? አሥራ አንድ። ትንንሽ ታምቡርስ? ዘጠኝ። ትልቁስ? አንድ። ማን ይዞት ነበር?

ነገርኳቸው። ስሙን ከነአባቱ።

ዓሣ አጥማጁ ክንዴን ለቀቀ። እግሬም ቆመ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ማንም ሳይነካኝ፣ ባልዲ ላይ ለተቀመጠ ሽማግሌ፣ የሰው ነፍስ አውጥቼ ሰጠሁ። ቀና ስል አሥራ ዘጠኝ ሰው ሰምቷል። ከነዚህ መሀል አንድ ጆሮ ጠቢ ቢኖርስ?

ካቦው ዞር ዞር ብለው ሁሉንም በየተራ አዩ። "የሰማ አለ?"

"የለም" አሉ።

"የምታለቅስ እንደሆነ ኋላ ታለቅሳለህ" አሉኝ። "ጥፋቱ ዛሬ ወጣ፤ ይሄ ጥሩ ነው። አንደኛ ሱሪህ። እጁ ያልተፈታ ሰው አፉን አይችልም። ሁለተኛ ምት ትወዳለህ፤ ጥያቄው ሲፋጠን አብረህ ትረግጣለህ። እያንዳንዱን ከመመለስህ በፊት ትንፋሽ ውሰድ፤ ዕድሜህን ሲጠይቁህም።"

ዓሣ አጥማጁ ወገቡ ላይ የጠመጠማትን የመረብ ገመድ ሳይናገር ፈታና ሰጠኝ። ሱሪዬን አሰርኩ። ደገምን። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ደገምን፤ ተንተባተብኩ። በአራተኛው ሁለቱም እጆቼ በጎኔ ላይ ነበሩ።

ጠዋት ወሰዱኝ። መርማሪው ከእኔ የሚያንስ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር።

"ይህ ልብስ የተሰጣችሁ ለበዓሉ ነው። ለምን ቀድማችሁ ለበሳችሁት? የልምምዱ ዓላማ ምንድን ነው?"

ትንፋሽ ወሰድኩ። "የሚበላሸው ነገር ቀድሞ እንዲበላሽ ነው።"

ከዚያ ጥያቄው እየፈጠነ መጣ፤ ሽማግሌው እንዳሉት። ስንት ጥሩምባ፣ ስንት ታምቡር። በየመሀሉ ተነፈስኩ። ማንገቻውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የተሸከመው ማን እንደነበረ አላስታውስም አልኩ። ቀጥሎ የሆነውን በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ቀምሶታል፣ እኔ አልደግመውም። ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው "ኮቱን አውልቅ፣ የሕዝብ ንብረት ነው፤ የሚተካህ ሰው ይለብሰዋል" አሉኝ። አወለቅኩ። ጣቶቼ አብጠው ስለነበር ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን ስምንቱንም ቁልፍ መልሼ ቆለፍኩ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ባንዱን እንዳስተማርኩት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኩት መርማሪውን።

ስሙን ያስታወስኩ መስሎት ብዕሩን አነሳ።

"የታምቡሩ ማንገቻ ዳግመኛ ይሰፋ። በድርብ፣ ሰም በተቀባ ክር። ካልሆነ በበዓሉም ይወድቃል።"

አየኝ፣ አየኝና ጻፈው።

የበዓሉ ዕለት ሰልፉ በመጋዘኑ ጀርባ ባለው መንገድ አለፈ። መስኮታችን ከፍ ያለች ናት፣ ከሰማይ በቀር አታሳይም። መጀመሪያ ጥሩምባው መጣ፣ ትንሽ የፈጠነ። ከዚያ ትልቁ ታምቡር። የዚያን ሰው እጅ አውቀዋለሁ፤ ጎማ እንደሚቀጠቅጥ ነው የሚመታው። አልያዙትም! ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ታምቡሩ ሳይወድቅ በመስኮታችን ስር አልፎ ወደ መድረኩ ሄደ። ካቦው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና "አሁን ምታ" አሉኝ። እግሬ ስላበጠ ወለሉን በእጄ መታሁ። ዓሣ አጥማጁም መታ።

ዘጠኝ ወር ቆየሁ። ካቦውን ከዚያ በፊት አንድ ጠዋት ጠሯቸው፤ አልተመለሱም።

ዛሬ ሰዎች ጀግና ነበርክ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይከብደኛል፤ በተለይ ያ ጎሚስታ ሲለው። አርጅቷል፣ የጎማ ቤቱን ለልጁ አስረክቧል፤ በየበዓሉ ግን ከደጃፌ አይጠፋም። ባለፈው መቻል አቃተኝና ነገርኩት።

"ስማ፣ አንድ ጊዜ ስምህን አውጥቼዋለሁ። ከነአባትህ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ለማን ጋሼ?"

"ለካቦው። ከምርመራው በፊት ሲያለማምዱኝ።"

በሻካራ እጁ ጉልበቴን መታ አደረገኝ።

"እሱማ በልምምድ ቀን ነው" አለኝ። "አይቆጠርም።"